የአምቡላንሱ ሒሳብ ከበሽተኛው ላይ ይነሣ፤ በአርኖናም ላይ አይጫን

ጁን 15 ቀን 2025 ሌሊት ከኢራን የተተኮሰ ሚሳኤል ረሆቦት ላይ ወደቀ። በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ግቢ ቤተ ሙከራዎች ተቃጠሉ፤ በከተማው መኖሪያ ቤቶች ተጎዱ፤ ብዙ ሰዎች ቆሰሉ። እሳት አጥፊዎች ደረሱ፤ አምቡላንሶችም ደረሱ። ይህን ያህል ውሃ ረጭተንላችኋልና ክፈሉ ብሎ ሒሳብ የላከ እሳት አጥፊ የለም። ቤቱ የተጎዳበት ሰው ካሳ የሚጠይቀው «ማስ ረኹሽ» ከምንለው የመንግሥት ፈንድ ነው፤ በሚሳኤል የቆሰለ ሰው የሕክምና ወጪም የመንግሥት ነው። በሰላሙ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያው ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ሌሊት ደረቷን ቢያፍናትና ልጆቿ 101 ደውለው እርዳታ ቢጠሩ፣ አምቡላንሱ ካፕላን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቢያደርሳት፣ ሐኪሞቹም ከብዙ ሰዓት ምርመራ በኋላ «ደህና ነሽ፣ ቤትሽ ግቢ» ቢሏት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ሰቅል ሒሳብ በፖስታ ይደርሳታል። እሳትና ሕመም ሁለቱም ሳይታሰቡ የሚመጡ፣ ሁለቱም ደቂቃ የማይሰጡ አደጋዎች ናቸው። አንዱን አገር ሲከፍልለት ሌላውን የታመመው ሰው ራሱ የሚከፍልበት አሠራር መቆም አለበት። የሚቆምበት መንገድ ግን አንዳንዶች እንደሚያስቡት በየከተማው አርኖና፣ ማለትም ነዋሪው ለማዘጋጃ ቤት በሚከፍለው የቤት ግብር፣ ላይ አዲስ መዋጮ መጨመር አይደለም።

አምቡላንሱን የሚልከው ማዳ፣ ማለትም ማጌን ዳቪድ አዶም፣ የተቋቋመበት ሕግ የወጣው በ1950 ነው። የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎቱም የደም ባንኩም በእጁ ነው። ሥራው የመንግሥት ሥራ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአገልግሎት ክፍያና ከለጋሾች ነው። መንገድ ላይ የምናየውን አምቡላንስ ጎን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ከውጭ አገር ሆኖ መኪናውን የገዛው ቤተሰብ ስም ተጽፎበታል። የእነዚያን ሰዎች ልግስናም፣ ያለ ደመወዝ ሌሊቱን በአምቡላንስ ላይ የሚያድሩትን ወጣቶች ትጋትም አከብራለሁ። ከእነዚህ በጎ ፈቃደኞች መካከል የእኛ የኢትዮጵያ ተወላጆች ልጆችም አሉ። ለታካሚው ግን ሕጉ እንዲህ ይሠራል፦ በአምቡላንስ ከመጣህ በኋላ ሆስፒታል ተኝተህ ከታከምክ ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም የጤና መድን ድርጅትህ፣ ገንዘቡን ይመልስልሃል። የመኪና አደጋ ከሆነ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ የሥራ አደጋ ከሆነ ብሔራዊ መድኑ፣ ቢቱዋህ ለኡሚ። ሚዩን፣ ማለትም ድንገተኛ ክፍል፣ ገብተህ፣ ተመርምረህ፣ ሳትተኛ ከተሸኘህ ግን በአብዛኛው ሒሳቡ የራስህ ነው። ትርጉሙን አስቡት። ክፍያው የሚወሰነው ስትደውል ምን ያህል እንደፈራህ ወይም እንዳመመህ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ከሰዓታት በኋላ በሚጽፈው ውሳኔ ነው። የደረት ሕመም ልብ ይሁን ጨጓራ ለይቶ ማወቅ ሐኪሞችም በኤሲጂና በደም ምርመራ የሚደርሱበት ነገር ነው። ሕጉ ይህንን ቤት ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ለይ፣ ተሳስተህ ከሆነ ክፈል ይላል።

የዚህ ጉዳት በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ልቡ የቆመ ሰው የልብ ማሸት ካልተደረገለት በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የአንጎል ደም ሥር የተዘጋበት ሰው በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳት ያጣል። በዚህ ሰዓት ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አምቡላንስ እንጥራ ወይስ ጎረቤት መኪናውን ያውጣ? ታክሲ ይሻላል? እስኪነጋ እንጠብቅ ይሆን?» እያለ ከመከረ ምክሩ ራሱ ሰው ይገድላል። ይህንን ምክር የሚያደርገው ደግሞ ባለጸጋው አይደለም። ጥቂት መቶ ሰቅል የወር ወጪውን የማያናጋበት ሰው ሳያመነታ ይደውላል። የሚያመነታው በቢቱዋህ ለኡሚ ጡረታ የሚኖር አዛውንት ነው፤ የጽዳት ሥራ ሠርታ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት፤ በረሆቦቱ ኪርያት ሞሼ ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ነው። በማኅበረሰባችን የስኳርና የደም ግፊት በሽታ ከአገር ቤት ከመጣን ወዲህ ክፉኛ መስፋፋቱን ሐኪሞች ሲያስጠነቅቁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እነዚህ በሽታዎች ለልብና ለአንጎል ድንገተኛ አደጋ ያጋልጣሉ። እንግዲህ አምቡላንስ ይበልጥ የሚያስፈልገውና ሒሳቡን ይበልጥ የሚፈራው ሰው አንድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ዕብራይስጥ ያልቀናቸው አዛውንቶች በስልክ ሕመማቸውን ለማስረዳት የሚቸገሩት ችግር በዚህ ላይ ይጨመራል።

ስለዚህ መፍትሔ ሲፈለግ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የከተማ መዋጮ ነው። ብዙ ከተሞች ከአርኖናው ጋር አያይዘው የጥበቃ ክፍያ ይሰበስባሉ፤ ለአምቡላንስም እንዲሁ ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ ተሰብስቦ ደዋዩ በነጻ እንዲገለገል ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ ነው። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች እሳት አደጋና አምቡላንስ የሚተዳደሩት በዚሁ መንገድ፣ በቤትና በመሬት ላይ በሚጣል ግብር ነው። ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር መኪና በማይገባበት ቦታ በሽተኛ ሲወድቅ ቃሬዛ ይታሰራል፤ ጎልማሶቹ ትከሻ እየተለዋወጡ ወንዝና ዳገት ያሻግሩታል። በወሎ ቅሬ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ይህን ለአባላቱ ግዴታ አድርጎታል፤ ያልተሸከመ ይቀጣል። የበሽተኛውን ቤተሰብ የሸክም ዋጋ የጠየቀ ግን አልተሰማም። በእድርም እንዲሁ ነው። ሰው በደህናው ቀን በየወሩ ያዋጣል፤ በሐዘኑ ቀን ድንኳኑ ይተከልለታል። ሳር ክዳን ሲቀጣጠል ኡኡታ የሰማ ሁሉ እንስራውን ይዞ ይሮጣል። በደህናው ቀን አዋጥቶ በክፉው ቀን ሳይከፍሉ መገልገል ትክክለኛ ሥርዓት ነው፤ የመዋጮው ደጋፊዎች እዚህ ድረስ አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የሚመጣው ይህን መዋጮ በአርኖና ከረጢት ውስጥ ልንከተው ስንሞክር ነው።

አርኖና የቤቱን ዋጋ አይመለከትም። የሚሰላው በካሬ ሜትር፣ በአካባቢና በቤቱ ዓይነት ነው። የሚከፍለውም ባለቤቱ ሳይሆን ቤቱን ይዞ የሚኖረው ነው፤ ስለዚህ ተከራዩ ኪራዩንም አርኖናውንም ይሸከማል። ብዙ ልጆች ስላሉት ሰፋ ያለ ቤት የያዘ ቤተሰብ በትንሽ ቤት ውስጥ ብቻውን ከሚኖር ከፍተኛ ተከፋይ የበለጠ ሊከፍል ይችላል። እርግጥ ቅናሽ አለ፤ ገቢው ዝቅ ላለ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት፣ ለአዲስ መጤ። ነገር ግን ቅናሹን ለማግኘት ወረቀት ሰብስቦ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ቀነ ገደብ ጠብቆ ማመልከት ያስፈልጋል፤ በዚህ ወንፊት ውስጥ የሚቀሩት ደግሞ ቅናሹ ይበልጥ የሚገባቸው ናቸው። ከዚህ የከበደው ችግር ግን በከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ንግድ ቤትና ቢሮ በካሬ ሜትር የሚከፍለው ከመኖሪያ ቤት እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ፎቅ የበዛባት ቴል አቪቭ ትከብራለች፤ ፋብሪካና ቢሮ የሌላት ትንሽ ከተማ ግን ከመንግሥት ድጎማ ትጠብቃለች። ረሆቦት ከነስ ጽዮና ጋር የምትጋራው የሳይንስ ፓርክ ስላላት መሀል ላይ ነች ማለት ይቻላል። ግን ወንድምና እኅቶቻችን በብዛት የሰፈሩት ኪርያት ማላኪ፣ ኪርያት ጋት፣ ኔቲቮትም ነው። የአምቡላንስ መዋጮ በየከተማው ይሁን ማለት በልብ ሕመም የሚያዝ ሰው የመዳን ዕድሉ አጠገቡ ምን ያህል የቢሮ ሕንጻ እንዳለ ይወሰን ማለት ነው። በ2023 መንግሥት ከንግድ አርኖና ከፊሉን ወደ ሌሎች ከተሞች ለማዘዋወር ፈንድ ሲያቋቁም ማዘጋጃ ቤቶች ሥራ አቁመው ተቃወሙ። በከተሞች መካከል ማካፈል ምን ያህል እንደሚያጣላ አይተነዋል።

ይህንን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። ይህች አገር እሳት አደጋን በከተማ ገንዘብ የማስተዳደርን ነገር ሞክራ አይታዋለች፤ ዋጋውንም ከፍላለች። በ1959 የወጣው የእሳት አደጋ ሕግ ኃላፊነቱን ለከተሞችና ለከተማ ማኅበራት ሰጠ። ገንዘቡ በከፊል ከአገር ውስጥ ሚኒስቴር፣ በከፊል ከየማዘጋጃ ቤቱ ይምጣ ተባለ። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም እርስ በርስ መጠባበቅ ጀመሩ። ከተማው «መንግሥት አልላከልኝም» ይላል፤ መንግሥት «ከተማው ድርሻውን አልከፈለም» ይላል፤ መካከል ላይ መኪናው ያረጃል፤ ሠራተኛው ያንሳል። እሳት አጥፊዎች በሁሉም ላይ የሚያዝ አንድ ብሔራዊ አዛዥ አልነበራቸውም፤ ትልቅ እሳት ሲነሣ ከየከተማው የተሰበሰቡ ቡድኖች ነበሩ የሚገናኙት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ኮሚቴ ይህንን አይቶ አንድ ብሔራዊ ባለሥልጣን ይቋቋም ብሎ መከረ። ከሁለተኛው የሊባኖስ ጦርነት በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2007 ባወጣው ሪፖርት እሳት አደጋው ዝግጁ አለመሆኑን ጻፈ። የሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ብሂል እኛ ለልጆቻችን እናስተምራለን፤ መንግሥታት ግን ሲረሱት ይታያል።

ዲሴምበር 2 ቀን 2010 የካርሜል ጫካ ተቀጣጠለ። እሳቱ 4 ቀን ነደደ፤ 44 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እስረኞችን ከዳሞን ወህኒ ቤት ለማውጣት በአውቶቡስ ሲጓዙ እሳቱ መንገድ ላይ የደረሰባቸው የወህኒ ቤት አገልግሎት ሰልጣኞች ነበሩ። አብረዋቸው ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች ሞቱ፤ የሃይፋ ፖሊስ አዛዥ አሁቫ ቶመር በቃጠሎው ሕይወታቸውን አጡ፤ የ16 ዓመቱ በጎ ፈቃደኛ ኤላድ ሪቨን እሳት አጥፊዎችን ልርዳ ብሎ ሄዶ አልተመለሰም። አገሪቱ የራሷ የሆነ የእሳት ማጥፊያ አውሮፕላን ጓድ አልነበራትም። እሳት የሚገታው ኬሚካል ገና በመጀመሪያው ቀን አለቀ። ከግሪክ፣ ከቱርክ፣ ከሩሲያና ከሌሎችም አገሮች አውሮፕላን መለመን ግድ ሆነ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሚካ ሊንደንስትራውስ በጁን 2012 ባወጣው ሪፖርት ልዩ ኃላፊነቱን በገንዘብ ሚኒስትሩና በአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ላይ አደረገው። አንደኛው ሚኒስቴር «አስቀድሞ አሠራሩ ይሻሻል፣ ከዚያ ገንዘብ እሰጣለሁ» ሲል፣ ሌላው «ገንዘብ ሳይሰጠኝ እንዴት አድርጌ» ሲል ዓመታት ማለፋቸውን ሪፖርቱ አሳይቷል። ገንዘብ የሚያወጣው አንድ፣ ኃላፊነት ያለበት ሌላ፣ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሦስተኛ ሲሆን የሚደርሰው ይህ ነው። ካርሜል ላይ የነደደው ጫካ ብቻ አይደለም፤ የአከፋፈል ሥርዓት ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ለክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። በ2012 ክኔሴት፣ የአገሪቱ ምክር ቤት፣ የእሳትና የነፍስ አድን ብሔራዊ ባለሥልጣንን ያቋቋመውን ሕግ አወጣ፤ በ2013 አገልግሎቱ ከከተሞች ወጥቶ የአገር ሆነ። አንድ ኮሚሽነር፣ አንድ በጀት፣ አንድ የዕዝ ሰንሰለት። በኤላድ ሪቨን ስም የተሰየመ «ኤላድ» የተባለ የአውሮፕላን ጓድም ተቋቁሟል። በኖቬምበር 2016 ሃይፋና ሌሎች ቦታዎች እንደገና ሲነዱ ከሃይፋ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ብዙ ቤት ተቃጠለ፤ በእሳቱ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። በኤፕሪል 30 ቀን 2025 በኢየሩሳሌም ኮረብቶች ላይ እሳት ተነሥቶ ዋናው የቴል አቪቭ መንገድ ሲዘጋም እንደገና የውጭ እርዳታ መጠየቅ ቢያስፈልግም ሰው አልሞተም። ሥራው ተጠናቋል አልልም፤ እሳት አጥፊዎቹ ራሳቸው የሰው ኃይል እጥረት እንዳለባቸው ይናገራሉ። ነገር ግን ከጁን 15 ሌሊት በፊት ረሆቦት ለእሳት አደጋ ያዋጣችው በቂ ነው አይደለም ብሎ መጠየቅ ያላስፈለገው አገልግሎቱ ከከተማ እጅ ስለወጣ ነው። «ማስ ረኹሽ»ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ከ1961 ሕግ የመጣ ስም ነው፤ በመሬት ላይ ይጣል የነበረው ግብር ራሱ ከ2000 ጀምሮ ባይሰበሰብም ለጦርነት ጉዳት የሚከፍለው ፈንድ ቀጥሏል። ሚሳኤል ያፈረሰውን የስዴሮትን ቤት የስዴሮት አርኖና፣ የኪርያት ሽሞናን ቤት የኪርያት ሽሞና አርኖና ይሥራው አልተባለም። ለግድግዳ የተደረገ ነገር ለልብና ለአንጎል የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

ከኢትዮጵያም የሚታይ ነገር አለ። ዛሬ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ገዝቶ አከፋፈለ፤ ዋናው ዓላማ ምጥ የያዛቸውን እናቶች በነጻ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ እናቶች ተርፈውበታል። መኪናውን ማዕከላዊው መንግሥት ሲሰጥ ነዳጁን፣ ጎማውንና ጥገናውን ግን ለወረዳው ተወ። የተሻለ ገቢ ያለው ወረዳ አምቡላንሱን ሲያሽከረክር ደሃው ወረዳ ነዳጅ እያለቀበት አቆመው፤ አንዳንድ ቦታም የነዳጅ ብር ከቤተሰቡ ይጠየቅ ጀመር። ነጻ ተብሎ የተጀመረው አገልግሎት ለደሃው ወረዳ ሰው ነጻ ሳይሆን ቀረ። እናቶቻችን በዚያ መንገድ ላይ የወለዱባት አገር ናትና ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2025 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከተሞች በቤትና በቦታ ላይ ግብር እንዲጥሉ መንገድ ከፍቷል። ገንዘቡ ለአዲስ አበባ ብዙ፣ ለትንሿ ከተማ ጥቂት መሆኑ አይቀርምና ከዚህ ገቢ ላይ አምቡላንስን የሚያንጠለጥል ካለ ያው የወረዳ ነዳጅ ችግር ይጠብቀዋል።

ከባሕር ማዶም ሁለት ነገሮችን ልጨምር። ካርሜል ከመቃጠሉ ሁለት ወር ያህል በፊት በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ኦባየን በተባለ አውራጃ አንድ የገጠር ቤት ተቀጣጠለ። በአቅራቢያው ያለችው ሳውዝ ፉልተን ከተማ ከክልሏ ውጭ ላሉ ሰዎች የእሳት አደጋ አገልግሎት የምትሰጠው በዓመት 75 ዶላር ለከፈለ ነበር። የቤቱ ባለቤት አልከፈለም። እሳት አጥፊዎቹ መጥተው የከፈለውን ጎረቤት መሬት እየጠበቁ ያኛው ቤት ሲቃጠል ቆመው አዩ። ብዙ አሜሪካውያንን ያሳፈረ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ያዘዘው ነው፤ አገልግሎቱን ከከፋዩ ስም ጋር ካሰርከው መጨረሻው እዚያ ያደርሳል። ሁለተኛው የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ናት። ከ2003 ጀምሮ ለአምቡላንስ የሚሆን መዋጮ ከኤሌክትሪክ ቢል ጋር ትሰበስብ ነበር። በ2011 መዋጮውን አስቀርታ ወጪውን ወደ ግዛቲቱ አጠቃላይ በጀት አዞረችው፤ አምቡላንሱ ለነዋሪው ነጻ ሆኖ ቀጠለ። ሌላዋ የአውስትራሊያ ግዛት ቪክቶሪያ ደግሞ 173 ሰዎች ከሞቱበት ከ2009ኙ ቃጠሎ በኋላ ለእሳት አደጋ የንብረት መዋጮ ጀምራለች። ተቃዋሚዬ ይህችን ምሳሌ ሊያነሣብኝ ይችላል፤ በእርግጥም ከንብረት የሚሰበሰብ ነው። ግን ከተሞቹ ሰብሳቢ ብቻ ናቸው፤ መጠኑን የሚወስነውና ገንዘቡን የሚያከፋፍለው የግዛቲቱ መንግሥት ነው፤ የሚሰላውም በንብረቱ ዋጋ እንጂ በካሬ ሜትር አይደለም። የእኛ አርኖና ከዚህ ጋር በስም እንኳ አይመሳሰልም።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች በጣም የተለመደው ነጻ ከሆነ ይባክናል፣ ሰው አምቡላንስን እንደ ታክሲ ይጠራዋል የሚለው ነው። ያለ ምክንያት የሚደውል ሰው የለም አልልም። ግን ክፍያው የሚያስቀረው ማንን ነው? ቀልደኛውንና ግድ የለሹን ሒሳብ አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው ጥንቁቁንና ድሃውን ነው። በእንግሊዝ አምቡላንስ ከታካሚው ሳንቲም አይጠይቅም፤ የጥሪ ብዛትን የሚቆጣጠሩት ስልክ የሚቀበሉት ሰዎች በሚያደርጉት ማጣራት ነው። እዚህም 101 ላይ ያለው ሠራተኛ ጥያቄ ጠይቆ ሁኔታውን ይለያል፤ አምቡላንስ የማያስፈልገውን ወደ ሌላ ሐኪም መምራት የሚቻለው በዚያ ጊዜ ነው። ሆን ብሎ የሐሰት ጥሪ የሚያደርገውን ለይቶ መቅጣት ይቻላል። ትክክለኛውን ፍርሃት መቅጣት ግን አይገባም። እሳት ሳይኖር ጭስ አይቶ 102 የደወለን ሰው አመስግነን እንሸኘዋለን፤ ደረቱን አሞት ሳይተኛ የወጣውን ሰው ግን ሒሳብ እንልክበታለን።

የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው። መንግሥት የያዘው ነገር ሁሉ ይበላሻል፣ በየበጀቱ ድርድር ይቆራረጣል፣ ራሱ የካርሜል ሪፖርት የሚኒስትሮች ጥፋት አይደለም ወይ? የሚል ነው። ነው። ለዚህም ነው ገንዘቡ በየዓመቱ በሚኒስትር ፈቃድ የሚወሰን መሆን የሌለበት። ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጤና መድን ሕግ መንገዱን አሳይቶናል። «ማስ ብሪዑት» የተባለው የጤና ግብር ከደመወዝ ላይ እንደ ገቢ መጠን ይቆረጣል፤ ቢቱዋህ ለኡሚ ይሰበስበዋል፤ በሕግ በተወሰነ ስሌት ለኩፓት ሆሊሞቹ ይደርሳል። ሳል ብሪዑት በተባለው የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ የገባ ሕክምና ለቴል አቪቭም ለኪርያት ማላኪም እኩል ይሰጣል። የድንገተኛ አምቡላንስ ጉዞ በሙሉ፣ ታካሚው ተኛ አልተኛ ሳይባል፣ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ማዳ ሒሳቡን ለኩፓት ሆሊሙ ይላክ እንጂ ለታካሚው ቤት አይላክ። ሂደቱ አዲስ አይደለም፤ ዛሬ ሆስፒታል ለተኛ ሰው የሚደረገው ተመላሽ ለሁሉም ይስፋ ነው የምለው። ይህ በማስ ብሪዑት ላይ ትንሽ መጨመርን ይጠይቅ ይሆናል። ቢጠይቅም የሚከፈለው እንደ ገቢ ነው፤ በደህናው ቀን ነው፤ ያለ ቅጽና ያለ ልመና ነው። ይህ ነው የቅሬውና የእድሩ ሥርዓት በአገር ደረጃ።

ስለ ማዳ ስንናገር በእኛ ማኅበረሰብ ልብ ውስጥ ያለውን ቁስል ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። በጃንዋሪ 1996 ማዳ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የወሰደውን ደም በድብቅ ሲጥል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ2013 ደግሞ በክኔሴት ውስጥ ደም ልስጥ ያሉት የክኔሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ ተከለከሉ። ይህንን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዛሬ በአምቡላንሱ ላይ ያሉት ልጆቻችን ተቋሙን ከውስጥ እየለወጡት ነው። የማነሣው አንድ ተቋም ሕይወትን ያህል ነገር በእጁ ይዞ ገንዘቡ ከሕዝብ ካልመጣ የሕዝብ ዓይን ስለሚርቀው ነው። ማዳ ከለጋሽና ከበሽተኛ ኪስ ሳይሆን ከሕዝብ ግብር ሲተዳደር ክኔሴት ይጠይቀዋል፤ ተቆጣጣሪው ይመረምረዋል፤ የኪርያት ሞሼ ሰውም «ገንዘቤ ነው» ብሎ መናገር ይችላል።

ለማዘጋጃ ቤቱ የሚቀረው ሥራ ትንሽ አይደለም፤ በአርኖናችን ልንጠይቀው የሚገባንም ይህንን ነው። በየመንገዱ ያሉት የእሳት ውሃ ቧንቧዎች ውሃ እንዳላቸው ይፈተሽ። በድሮዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች የመግቢያ ቁጥሩ ሌሊት እንዲታይ መብራት ይደረግ፤ አምቡላንስ የሚያልፍበትን መግቢያ የቆመ መኪና አይዝጋው። የሕዝብ መጠለያዎች ተከፍተው ይታዩ። በአማርኛና በዕብራይስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት በየሰፈሩ ይሰጥ። ይህ ከተማው በደንብ የሚያውቀውና አቅሙ የሚፈቅደው ነገር ነው። የልብ ሕመምተኛን ሒሳብ ግን ከተማ አይሸከምም።

ውድ አንባብያን፣ በምርጫ ሰሞን እጩዎች ወደ ሰፈራችን ይመጣሉ፤ እንጀራ ይቀምሳሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ። ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትተን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ሆስፒታል ያልተኛ በሽተኛ የአምቡላንስ ሒሳብ እንዳይላክበት በሕግ ድምፅ ትሰጣላችሁ ወይስ አትሰጡም? መልሳቸውን በስማቸው እንያዘው። እስከዚያው ድረስ ግን አባትዎ አፉ ከተጣመመ፣ እናትዎ ክንዷ ከዛለ፣ ጎረቤትዎ ደረቱን ይዞ ከተቀመጠ ሒሳቡን አያስቡ። ሒሳብ ይከራከሩበታል፤ ከፋፍለው ይከፍሉታል፤ ማመልከቻ ይጽፉበታል። 101 ይደውሉ፤ ወዲያውኑ ይደውሉ።